የሪያድ ቤቶች በሦስት ሚዛን

«ሪያድ» በዐረብኛ የአትክልት ሥፍራዎች ማለት ነው። በካርቱም ይህን ስም የያዘው ሠፈር ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ፣ በስድሳ ጎዳና አጠገብ የሚገኝ ሲሆን፣ ከታወቁት መንገዶቹ አንዱም ሻሪዕ አልመሽተል፣ በአማርኛ የችግኝ ጣቢያው መንገድ፣ ይባላል። ስሞቹን ብቻ የሰማ እንግዳ ጥላና ልምላሜ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ጦርነቱ በ2023 እስኪፈነዳ ድረስ በሠፈሩ ያለፈ ሰው ያገኝ የነበረው ግን በአብዛኛው ከፍ ያለ አጥር፣ የብረት መዝጊያ፣ በሲሚንቶ የተቀረጸ የሮማ ዓምድና ፀሐይን መልሶ ወደ መንገዱ የሚወረውር የመስተዋት መስኮት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ቤቶች ጥሩ ቤቶች ነበሩን? ጥያቄው ዛሬ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የሱዳን ጦር በማርች 2025 ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ነዋሪዎች ወደ ተዘረፉትና ወደ ተቃጠሉት ቤቶቻቸው እየተመለሱ ነው። ግድግዳ ይለሰናል፣ በር ይገጠማል፣ ሽቦ ይዘረጋል። የፈረሰው እንደ ነበረ ይመለስ ወይስ በሌላ መልክ ይሠራ የሚለው በየግቢው የሚወሰን ጉዳይ ሆኗል።

«ለእኛ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስደትም ሆነ በእንጀራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ካርቱም የገባው ወገናችን ማደሪያውን በዴምና በጀሬፍ፣ ሥራውን ደግሞ እንደ ሪያድ ባሉት ሠፈሮች አድርጎ ኖሯል። እኅቶቻችን በእነዚህ ቤቶች ወለል ወልውለዋል፣ ልጅ አሳድገዋል፣ በሽተኛ አስታመዋል፤ ወንድሞቻችን በር ጠብቀዋል፣ ግንብ ገንብተዋል። የሪያድን ቤት ከፊት ለፊቱ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው ፊቱን ነው። አቧራ የሚከማችበትን ጥግ፣ ከሰዓት በኋላ እሳት የሚሆነውን ክፍል፣ ውሃ የማይወጣበትን ፎቅ የሚያውቀው ግን መጥረጊያና ባልዲ ይዞ የዞረበት ነው። ስለ ቤት የሚሰጥ ፍርድ ይህን ሁለተኛውን ዕውቀት ካልያዘ ከመንገድ ላይ የተሰጠ አስተያየት ሆኖ ይቀራል።

የምንመዝንበት ሚዛን አሮጌ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምዕት ዓመት የኖረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ለአውግስጦስ ቄሣር ባበረከታቸው ዐሥር የኪነ ሕንፃ መጻሕፍት ማንኛውም ሕንፃ ሦስት ነገሮችን ሊያሟላ ይገባዋል ይላል። በላቲን ፊርሚታስ፣ ዩቲሊታስና ቬኑስታስ ይባላሉ። የመጀመሪያውን ጽናት፣ ሁለተኛውን አመቺነት ብንላቸው ብዙ አናስቀይምም። ሦስተኛው ያስቸግራል። ብዙ ጊዜ «ውበት» ተብሎ ይተረጎማል፤ ነገር ግን ቃሉ ቬኑስ ከምትባለው የፍቅር አምላክ ስም ጋር የተዛመደ በመሆኑ «ደም ግባት» የሚለው አማርኛችን ይበልጥ የሚቀርበው ይመስለኛል። ደም ግባት የሚቀባ ነገር አይደለም። ሰው ጤና ሲሆን፣ ጠግቦ ሲያድር፣ ልቡ ሲያርፍ ከውስጡ ወደ ፊቱ የሚወጣ ነው። ሦስቱ መርሖች እንግዲህ እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይቀመጥም።

ሦስቱን ቃላት የማይጠቅስ የአርክቴክቸር ተማሪ የለም፤ ከሦስቱ ቃላት አልፎ መጻሕፍቱን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ያነበበ ሰው ሁለት ያልጠበቃቸውን ነገሮች ያገኛል። በስድስተኛው መጽሐፉ ቪትሩቪየስ የመኖሪያ ቤት እንደየአገሩ አየር መለያየት እንዳለበት ያስተምራል፤ በግብፅ የሚሠራው ቤት በስፔን ከሚሠራው፣ በጰንጦስ የሚሠራው በሮም ከሚሠራው አንድ ሊሆን አይገባም፤ ፀሐይ በአንዱ አገር ራስ ላይ፣ በሌላው ከሩቅ ናትና። ስለዚህ ሮማዊውን ዓምድ በካርቱም ፀሐይ ሥር እንዳለ የሚተክል ሰው ሮማዊውን መምህር አልሰማውም ማለት ነው። በሁለተኛው መጽሐፉ ደግሞ በፀሐይ ስለ ደረቀ የጭቃ ጡብ በአክብሮት ይጽፋል። ጡቡ በጸደይ ወይም በመጸው መሠራት እንዳለበት፣ ሁለት ዓመት ቢቆይ እንደሚመረጥ፣ በሰሜን አፍሪካዊቷ በዑቲካ ከተማ ደግሞ አምስት ዓመት ያልሞላውና ሹም ያልመረመረው ጡብ ለግንብ እንደማይውል ይነግረናል። የጥንታዊው ኪነ ሕንፃ አባት ጭቃን አልናቀም። የናቀነው እኛ ነን።

ከጽናት እንጀምር።

የካርቱም የቀድሞ ቤት ጃሉስ ይባላል። ጭቃው ይረገጣል፣ ይቦካል፣ በእጅ እየተድቦለቦለ እርከን በእርከን ይደረደራል፤ አንዱ እርከን ሳይደርቅ ሌላው አይጫንበትም። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ የቀኑን ሙቀት በቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ከውጭ የሚለሰነው ዚባላ በሚሉት ልስን ነው፤ ይህም ከእንስሳት ፋንድያ ወይም እበት ጋር ተዋሕዶ የተብላላ ጭቃ ነው፤ በየዓመቱ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ይታደሳል። ከጎንደር ወይም ከጎጃም ገጠር የሄደች ሴት ይህን ስታይ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ቤቷን በእበት የለቀለቀች፣ ግድግዳ የመረገች እጅ ዚባላን በማሽተት ብቻ ታውቀዋለች። ጭቃውም ቢሆን ባዕድ አይደለም። ካርቱም ለዘመናት የተሠራችበት ቀይ ሸክላ ጡብ ሲቃጠል የኖረው በዓባይ ዳር ነው፤ አፈሩም ወንዙ ከደጋው ጠርጎ ያወረደው ደለል ነው። የጎጃም ማሳ በካርቱም ግድግዳ ሆኖ ቆሟል ቢባል ግነት አይሆንም።

የጃሉስ ጽናት ታዲያ ከምን ይመነጫል? ከዕቃው ብቻ አይደለም። ጭቃ ለብቻው ከተተወ ወደ መሬት ይመለሳል። ጽናቱ ያለው በየዓመቱ በሚመለሰው እጅ ውስጥ ነው። ቪትሩቪየስም ይህንኑ የሚያስረዳ አንድ ደረቅ የሚመስል የሂሳብ ነገር ጽፎልናል። በሮም ሁለት ጎረቤቶች የሚጋሩት ግድግዳ ሲገመት፣ ግድግዳው ከድንጋይ ድቃቂና ከኖራ የተሠራ ከሆነ ገማቾቹ በየዓመቱ የዋጋውን አንድ ሰማንያኛ ይቀንሱ ነበር፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ አይቆምም ብለው በማሰብ። የጭቃ ጡብ ግድግዳ ከሆነ ግን፣ ቱንቢ ሲጣልበት ቀጥ ብሎ እስከ ተገኘ ድረስ፣ ምንም አይቀነስበትም፤ በተሠራበት ዋጋ ይገመታል። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ይህ ደንብ ለዛሬው የካርቱም የቦታ ሕግ ባዕድ ነው። ከእንግሊዞች ዘመን ሲወርድ በመጣው ሥርዓት የመኖሪያ ቦታ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ተብሎ ተከፍሏል፤ ደረጃውም ቤቱ ከምን ይሠራ ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። ጭቃ ለሦስተኛው፣ ጡብና አርማታ ለአንደኛው። ጭቃ የድህነት መታወቂያ የሆነው በዕቃው ጥፋት ሳይሆን በዚህ መዝገብ ነው።

ይሁን እንጂ ጃሉስን አስመስሎ ማወደስም ይከብደኛል። በኦገስት 1988 በአንድ ሌሊትና ቀን 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ካርቱም ላይ ሲወርድ፣ ይህም ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል፣ በአስከፊ ሁኔታ የፈረሱት የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ በተለይም ከደቡብና ከምዕራብ ተፈናቅለው በረባዳ መሬት ላይ የሠፈሩ ድሆች ቤቶች። በ2020ም የጥቁር ዓባይ ሙላት አገሪቱን ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲዳርግ ያው ሆነ። ከዚህም ሌላ ዚባላውን በየዓመቱ የሚያድሰው እጅ አብዛኛውን ጊዜ የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። እበት የተሸከመች ሴት ስለ ባህላዊ ቤት ውበት የሚጽፍ ሰው ባላወቀው መጠን ደክማለች። ልጇ የሲሚንቶ ቤት ብትመኝ ባህሏን ከዳች የሚል ሐያሲ ካለ፣ መጀመሪያ አንድ ክረምት ግድግዳ መርጎ ይይ።

ሪያድ የመረጠው አርማታን ነው። ዘይት በ1999 ወደ ውጭ መላክ ከጀመረ በኋላ የመጣው ገንዘብ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በሥራ የተገኘው ገንዘብም ተጨምሮበት፣ በምሥራቅ ካርቱም ሠፈሮች ፎቅ ሆኖ ወጣ። ሶሌታው ወፍራም፣ ፌሮው ብዙ፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። በዕቃ ከተለካ ጽኑ ነው። ሆኖም ከኤፕሪል 2023 በኋላ የሆነውን እናስተውል። ለጥይትና ለመድፍ መልስ የሚሰጥ ኪነ ሕንፃ የለም፤ ስለዚህ የተመታውን ቤት በዚያ አንወቅሰውም። ነገር ግን ጥይት ያልነካቸውም ቤቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ የማይኖርባቸው ሆኑ። መብራት ጠፋ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውን ወደ ጣሪያው ታንከር የሚገፋው ሞተር ቆመ፤ ማቀዝቀዣው ቆመ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት፣ የማይከፈት የመስተዋት መስኮት ያለው ሳሎን ምድጃ ሆነ። ኋላም ዘራፊዎች በከተማው ግድግዳ እየሰበሩ የመዳብ ሽቦ ጎልጉለው ወሰዱ። የቤቱ ነፍስ የነበረችው ያቺ ሽቦ እንደሆነች ከማንም በፊት የገባቸው እነርሱ ናቸው።

ጽናት የዕቃ ክብደት አለመሆኑን ለማወቅ ካርቱም ድረስ መሄድም አያሻም። አክሱም ውስጥ ተሰባብሮ የተጋደመው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ሰው አቁሞታል ወይም ሊያቆመው ሞክሯል ከሚባሉት ወጥ ድንጋዮች ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። አጥኚዎች እንደሚገምቱት ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ወድቋል፤ ለቁመቱ የተሰጠው መሠረት ጥልቀት አልነበረውምና። ያን ሁሉ ድንጋይ ከካባው አውጥቶ፣ አጓጉዞ፣ በሮችና መስኮቶች አስመስሎ የቀረጸ ጥበብ ከመሬት በታች ባለው ጉዳይ ተሸነፈ።

አሁን ወደ አመቺነት እንለፍ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ክርክር ያለውም እዚህ ነው።

የቀድሞው የሱዳን ቤት እምብርት ሖሽ ነው፣ ግቢው። ክፍሎቹ በግቢው ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ የወንዶች እንግዳ የሚቀበለው ዲዋን በመንገዱ በኩል፣ የሴቶችና የልጆች ክፍል ወደ ውስጥ ነው። በአንድ ወገን ራኩባ የሚሉት የጥላ ዳስ ይኖራል። በሞቃቱ ወራት ሲመሽ የጠፍር አልጋው፣ በእነርሱ አንገሬብ የሚባለው፣ ወደ ግቢው ይወጣል፤ ቤተሰቡም ከዋክብት እያየ ያድራል። ቤቱ በቀን ከፀሐይ የሚሸሽበት፣ በሌሊት ከራሱ ከቤቱ የሚሸሽበት ሥፍራ አለው ማለት ነው። ይህ ብልሃት ነው። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ዚር፣ ትልቁ የሸክላ ጋን፣ በጥላ ሥር ይቀመጣል፤ መንገደኛ ውሃ እንዲጠጣበት። በሸክላው ቀዳዳ የሚያልበው ውሃ ሲተንን የቀረውን ያቀዘቅዘዋል። እንግዲህ ያ ቤት ለመንገዱ የሚሰጠው ነገር ቀዝቃዛ ውሃ ነበር።

የሪያድ ቤት ለመንገዱ የሚሰጠው ነገር ምንድን ነው? በአጥሩ አጠገብ በቀን የሄደ ሰው ያውቀዋል፦ ከኤር ኮንዲሽነሩ ጀርባ የሚነፋው ትኩስ አየርና የጄኔሬተሩ ጢስ። ውስጡን ያበረደው ሙቀት የትም አልሄደም፤ ለአላፊ አግዳሚው ተሰጠ። አውቶቡስ ለመያዝ ከጀሬፍ እስከ ሪያድ፣ ከሪያድ እስከ ስድሳ ጎዳና በእግሯ የምትሄደው ሠራተኛ ያን ሙቀት በየአጥሩ ትቀበላለች። ፍርዴ እንዳይከብድ አንድ ነገር ልጨምር፤ የዚሩ ልማድ በሪያድ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር፤ በአንዳንድ በሮች ላይ ለነፍስ ብለው የውሃ ማቀዝቀዣ ሣጥን ከነኩባያው የሚያቆሙ ነበሩ። ልማዱ ቀርቷል ማለት ሳይሆን፣ ቤቱ ሲነደፍ ልማዱ ቦታ አልተሰጠውም ማለት ነው የሚሻለው። ሰዎቹ ከቤቶቻቸው የተሻሉ ነበሩ።

ሖሹም እንዲሁ ነው። ቦታው ውድ ሲሆን ግቢው ወደ መኪና ማቆሚያ ጠበበ፤ ቤቱ ከመሬቱ መካከል እንደ ሣጥን ቆመና በአራቱም ወገን ፀሐይ መታው። የሶሌታ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ታች ይተፋል። በዚህ ምክንያት ከላይኛው ፎቅ የሚተኛ ሰው ያለ ማቀዝቀዣ አያድርም። ከሁሉ በላይ ግን ጣሪያው ላይ የተሠራች ክፍል አለች። ባየኋቸው ቤቶች ሁሉ ማለት ባልችልም በብዙዎቹ የቤት ሠራተኛዋ የምታድረው በዚያች ክፍል ነበር፤ ካልሆነም ከደረጃው ሥር። የዘበኛውም ክፍል ከበሩ አጠገብ፣ በአጥሩና በመኪናው መካከል ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ከማንም ቀድሞ የሚነሣና ከማንም ኋላ የሚተኛ ሰው እጅግ የሚሞቀውን ክፍል ከተሰጠው፣ ቤቱ አመቺ ነው ሲባል አመቺ የሆነው ለማን ነው?

እዚህ ላይ ቪትሩቪየስንም እንደዋዛ አናልፈውም። የእርሱ አመቺነት የባለቤቱን ማዕረግ የሚከተል ነበር፤ ለተራ ሰው ታላቅ አዳራሽ አያስፈልገውም፣ ለመኳንንት ግን ያስፈልጋል ይላል። የሮም ቤት በባሮች ጉልበት የሚንቀሳቀስ ቤት እንደነበርም የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን መርሕ እንደ ወረደ ከተቀበልነው የሪያድን ቤት ልንነቅፍበት አንችልም፤ ለጌታው አመቺ ነበርና። እኔ የምለው መርሑ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን መስፋት አለበት ነው። የአዲስ አበባው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲሠራ፣ ከፎቆቹ ጎን በግ የሚታረድበትና እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ቤት እንዲኖር ተደርጎ ነበር። አሠራሩና አያያዙ ብዙ ሊያስወቅስ ይችላል፤ ነገር ግን ነዳፊው ወጥ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠይቋል። ጢሱ ወዴት ይሂድ ብሎ መጠየቅ የኪነ ሕንፃ ጥያቄ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ምርጫው በጭቃና በአርማታ መካከል ብቻ እንዳይመስል ሌላ ምስክር ልጥራ። ሱዳን ራሷ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቶችን አስተምራለች፤ የዘመናዊ ሕንፃዎቿም ፋና ወጊ ተብሎ የሚታወቀው ዐብደልሙንዒም ሙስጠፋ በጡብና በአርማታ የሠራ ሰው ነው። ሆኖም ሥራዎቹ ጥላን ያውቃሉ፤ መስኮቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ፀሐይ በቀጥታ ከመግባቷ በፊት የሚያጣራት ነገር ታገኛለች፣ ነፋስ የሚያልፍበት መንገድ አለ። ዘመናዊነት የመስተዋት ግድግዳ ማለት እንዳልሆነ በራሳቸው ከተማ፣ በራሳቸው ልጅ እጅ ታይቶ ነበር። ሪያድ ሲሠራ ይህ ትምህርት ከአጠገቡ ነበረ፤ የሚጠራው ግን ጠፋ።

ስለ ሦስተኛው መርሕ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሪያድ ውስጥ ዓምዱ ምንም አይሸከምም፤ ከጀርባው ያለው ፌሮ ነው የሚሸከመው። ውስጡን ለቄስ ይሉታል የእኛ ሰዎች። በወንዙ ዳር ያሉትም ታላላቅ ሕንፃዎች ከዚህ የተለየ ነገር አላስተማሩም። በሊቢያ ገንዘብ ተሠርቶ በ2008 የተከፈተው የአልፋቲሕ ሕንፃ በቅርጹ ምክንያት ከሕዝቡ ያገኘው ስም «የጋዳፊ እንቁላል» ነው፤ በመስተዋት የተሸፈነው የታላቁ ዓባይ ነዳጅ ኩባንያ ሕንፃ ደግሞ በሴፕቴምበር 2023 ሲነድ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል። ሕዝብ ለአንድ ሕንፃ የሚሰጠው ስም ከማንኛውም ሐያሲ ፍርድ ይበልጣል። በአንጻሩ በኦምዱርማን ያለው የማህዲ መቃብር ጉልላት በ1898 በእንግሊዝ መድፍ ከተመታ በኋላ ፍርስራሹ ለዐሥርተ ዓመታት ቆይቶ በ1947 እንደገና ተሠርቷል። ያ ጉልላት ከሮማ ዓምድ የሚበልጥ ጥበብ አለው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሰው ሲፈርስበት መልሶ የሚሠራው የእኔ የሚለውን ነው፤ ደም ግባት ያልኩትም ይህን የመሰለውን ነው። የሪያድ ዓምዶች ዛሬ ወድቀው ባሉበት ስንቶቹ «እንደ ነበሩ» ይመለሳሉ? ይህን የሚመልሱት ባለቤቶቹ ናቸው፤ እኔ እንደምገምተው አንዳንዶቹ ከሁሉ በፊት የሚመልሱት እነርሱን ይሆናል፤ ጎረቤት የሚያየው ፊቱን ነውና።

ምክር የሚጠይቅ ቢኖር የምለው ጥቂት ነው። ቤቱን በሙሉ ማፍረስ አያስፈልግም፤ አርማታው ቆሟል። የመስተዋቱን ግድግዳ በጡብ ማጥበብና የሚከፈት መስኮት መግጠም ይቻላል። ጣሪያው ላይ ሁለተኛ ጥላ፣ ራኩባ እንኳ ቢሆን፣ ከሶሌታው ከፍ ብሎ ቢዘረጋ ከሥሩ ያለው ፎቅ ይተነፍሳል። የተቃጠለው መኪና ከግቢው ወጥቷል፤ ሌላ ከመግባቱ በፊት በቦታው ኒም ቢተከል በጥቂት ዓመት ውስጥ ያጠላል። መብራት እስኪመለስ የጸሐይ ኃይል የሚጠቀሙት ተመላሾች በርክተዋል፤ መልካም ነው፤ ግን ትልቅ ማቀዝቀዣ በጸሐይ ኃይል ማንቀሳቀስ ውድ ስለሆነ ያው ጥላው አስቀድሞ መኖር አለበት።

ከዚያ ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለችው ክፍል አለች። ከጦርነቱ በፊት በዚያች ክፍል ያድሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹም ቤቶቹ ሲጠገኑ መልሰው ይጠሩ ይሆናል። ጥገናውን የሚነድፈው ባለሙያ፣ የሚያስጠግነውም ባለቤት፣ ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ጣቱን ከሳሎኑ በፊት በዚያች ክፍል ላይ ያኑር። ወደ ታች ፎቅ ልትወርድ ትችላለች? ካልቻለች ጥላ አላት? መስኮቷስ ስንት ነው? በካርቱም ነፋሱ በቀዝቃዛው ወራት ከሰሜን፣ በዝናቡ ወራት ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ አንድ መስኮት በየትኛውም ወገን ቢከፈት ለብቻው አይበቃትም፤ ሁለት ያስፈልጓታል፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ።